ጉልበቱን የት ነው የምትፈልገው?

ዲኤክሴ (ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ መኪናዬ) ጠዋት ስትነሣ ከኮፈኑ ሥር ቲክ፣ ቲክ የሚል ፈጣን ድምፅ ማሰማት ከጀመረች ቆይታ ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ አድራ ስትነሣ ግን ተመልሶ ይመጣል። ቫልቩ ላልቷል ያለኝም፣ ዘይቱን ቀይር ያለኝም ሰው ነበር። እዚህ ጂማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ስወስዳት እሳቸው ስለ ቫልቭ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ኮፈኑን አስከፍተውኝ የጭስ ማውጫው ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገናኝበትን፣ የሲሊንደሮቹን ጭስ የሚሰበስበውን የጊዛ (በፎርማ የፈሰሰ ብረት) ማኒፎልድ በባትሪ ብርሃን እያበሩ መረመሩት። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ቀጭን የጥላሸት መስመር ታየ። ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ሲግል ብረቱ ስለሚለጠጥ ይገጥማል። ድምፁ ከሙቀት ጋር የሚጠፋውና ከብርድ ጋር የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነበር።

በፊቴ የነበሩት መንገዶች ሦስት ነበሩ። ጊዛ ይበየዳል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በደንብ መጋል፣ ኒኬል ባለው ዘንግ መበየድ፣ ከዚያም ተሸፍኖ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ብዙ ጊዜ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ያገለገለ ማኒፎልድ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ማስመጣትም ይቻላል፤ እሱም የእኔውን ያህል ዘመን እሳት የበላ፣ ስንጥቁ በዝገት የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው መንገድ ከቱቦ የተሠራ አዲስ ማኒፎልድ፣ ማለትም ሄደር መግዛት ነው። ይህንን ሦስተኛውን ሳነሣ የሰሙ ጓደኞቼ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ተረቱብኝ። እኔን ግን ቸግሮኝ ነበር። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ «ይህችን ሸጬ የተሻለች እገዛለሁ» የሚለው ሐሳብ ከብዙዎቻችን ልብ ወጥቷል። ያለችን መኪና አብራን የምታረጅ ከሆነ፣ የሚገባላት ዕቃም ታስቦበት ሊገባ ይገባል።

«እንግዲያው ሄደር ያስገቡልኝ ጋሼ» አልኳቸው።

«የትኛውን?» አሉኝ።

መልስ ሳልሰጥ ጠመኔ አንሥተው በሲሚንቶው ወለል ላይ ሁለት ሥዕል ሣሉ። በመጀመሪያው አራት መስመሮች ወርደው በአንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። በሁለተኛው አራቱ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ወረድ ብለው አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩኝና «ጉልበቱን የት ነው የምትፈልገው ልጄ? ታች ነው ወይስ ላይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁሉም ጋ» አልኳቸው። ሳቁና «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ሂድና አስበህ ና» ብለው ወደ ሌላ መኪና ዞሩ።

ይህ ጥያቄ ለምን እንዲያ እንደከነከነኝ በኋላ ላይ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። መለዋወጫ ስንገዛ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ሞዴሏ ስንት ነው፣ ኦሪጅናል ነው ወይስ ቻይና፣ ስንት ይዘሃል። ለእነዚህ ሁሉ መልስ ነበረኝ። እሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ እኔ አነዳድ ነው፤ በየትኛው መንገድ፣ ምን ጭኜ፣ በምን ፍጥነት፣ በስንተኛ ማርሽ እንደምውል። «ታች» እና «ላይ» ያሉት የሞተሩን ዙር ነው፤ ብዙ ዓመት ያሽከረከርኩትን መኪና የሞተር ዙር አብዛኛውን ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ቢጠይቁኝ መናገር አልችልም ነበር። ዳሽቦርዷ ላይ የዙር መቁጠሪያ የለም፤ ኖሮም ቢሆን ዳገት ላይ ሳለሁ ወደዚያ የማይ አይመስለኝም።

ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ሲገፋፉ

ጥያቄውን ለመመለስ መጀመሪያ ሄደር ምን እንደሚሠራ መረዳት ነበረብኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ገበያው ላይ ከሚወራው ይልቅ ቀላልም ጥልቅም ነው።

የዲኤክሴ ሞተር 4ኬ የሚባለው፣ 1,290 ሲሲ የሆነው ባለ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ሞተር ነው። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሚል ተራ ሲሆን፣ ሞተሩ ሁለት ሙሉ ዙር ሲዞር እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። ስለዚህ በየግማሽ ዙሩ ከአንዱ ሲሊንደር የጋለ ጭስ በኃይል ይወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር በሚዞርበት ጊዜ ይህ ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ግፊት ነው። ጆሯችን እንደ አንድ ወጥ ድምፅ የሚሰማው ነገር በቧንቧው ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚከተል የምት ሰልፍ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የጭስ ቫልቭ ከግማሽ ዙር በላይ ተከፍቶ የሚቆይ ከመሆኑ ነው። አንደኛው ሲሊንደር ጭሱን አስወጥቶ ሊጨርስ ሲል፣ ተራው የደረሰው ሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቩን ይከፍትና ገና ትኩስ የሆነውን ግፊቱን ይለቅቃል። ጊዛው ማኒፎልድ አጭርና የጋራ ስለሆነ ይህ ግፊት ወደ መውጫው ብቻ አይሄድም፤ ወደ አንደኛው ሲሊንደር በርም ይዞራል። በአንድ ጠባብ በር በተራ የሚወጡ ሰዎች ቢኖሩ፣ የፊተኛው አንድ እግሩን ገና ሳያወጣ የኋለኛው ተንደርድሮ ሲደርስ የሚሆነውን ማሰብ ነው። በዚያች ቅጽበት ደግሞ የአንደኛው ሲሊንደር ማስገቢያ ቫልቭም መከፈት ጀምሯል። ተገፍቶ የተመለሰው የተቃጠለ ጭስ ለአዲሱ አየርና ቤንዚን የተዘጋጀውን ቦታ ይወስዳል። ጉልበት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ጠፍቶም የሚያሰማው ድምፅ ስለሌለ ማንም አያማርርበትም።

ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቱቦ ይሰጠዋል። ጥቅሙ ግን መለየቱ ብቻ አይደለም። የጭሱ ምት በቱቦው ውስጥ በፍጥነት ሲወርድ ከኋላው ግፊቱ ዝቅ ያለ ቦታ ይተዋል። ቱቦው ወደ ሰፊው መገናኛ ሲደርስም ወደ ቫልቩ የሚመለስ የመሳብ ሞገድ ይፈጠራል። ይህ ሞገድ ቫልቩ ሳይዘጋ በልኩ ከደረሰ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣና አዲሱን አየር እንዲገባ ይረዳዋል። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከደረሰ ግን ጥቅሙ ይቀራል፤ አንዳንዴም ይጎዳል። ሞገዱ ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ የሚወስነው የቱቦው ርዝመት ነው። የሞተሩ ዙር ደግሞ ይለዋወጣል። አንድ ርዝመት ለሁሉም ዙር ልክ ሊሆን ስለማይችል፣ ማንኛውም ሄደር የሚረዳበት ክልልና የማይረዳበት ክልል ይኖረዋል ማለት ነው። «ሁሉም ጋ» የሚለው መልሴ መካኒኩን ያሳቃቸው ለዚህ ነበር።

አራቱ በአንዴ አንድ የሚሆኑበት ሄደር በጥቅሉ ሲታይ ጥቅሙን የሚሰጠው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ነው፤ የውድድር መኪኖች የሚወዱትም እሱን ነው። አራቱ መጀመሪያ ሁለት የሚሆኑበት ደግሞ አንደኛውን ከአራተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ያጣምራል። በተኩሱ ተራ መሠረት እነዚህ ጥንዶች የሚለያዩት በአንድ ሙሉ ዙር ስለሆነ አንዱ ሲያስወጣ ሌላው ዝግ ነው፤ አይጋፉም። በሁለት ደረጃ መገናኘታቸውም ጥቅሙን ወደ ዝቅተኛውና ወደ መካከለኛው ዙር ያወርደዋል፤ ከላይ ግን ጥቂት ያስከፍላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በየጋራዡ «ሞተር ትንሽ የጭስ መታፈን ካላገኘ ጉልበት ያጣል» ሲባል እንሰማለን። መታፈን ለየትኛውም ሞተር አይጠቅምም። ሞተሩ የሚፈልገው የጭሱን ፍጥነት ነው፤ ከመጠን በላይ ሰፊ የሆነ ቧንቧ ሲገባ ጭሱ ይዝላል፣ ከኋላው የሚተወው የመሳብ ኃይልም ይዳከማል። ማርሚታቸውን (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን) አስቆርጠው የሰፊ ቆርቆሮ ጫፍ የሚያስበይዱ ወጣቶች ታች ላይ ጉልበት ጠፋብን የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱን ግን መታፈን መቅረቱ አድርገው ይነግሩናል። (ማታ ማታ በከተማችን አደባባዮች ስለሚያሰሙት ጩኸት ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ አሁን ብናደድ ከጉዳዬ እወጣለሁ።)

ስሌቱ ከጂማ ሲታይ

የዙር መቁጠሪያ ባይኖርም ዙሩን ማስላት ይቻላል። የጎማውን ዙሪያ በሜትር ለካሁ፤ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው። አራተኛው ማርሽ በዲኤክስ ቀጥታ ነው፣ የሞተሩን ዙር ሳይቀንስ ያሳልፈዋል፤ የኋላው ዲፈረንሻል ደግሞ ወደ አራት ለአንድ የተጠጋ ነው። በዚህ ማርሽ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ መኪናዋ በደቂቃ 1,000 ሜትር ትሄዳለች፤ ይህ በጎማው ዙሪያ ተካፍሎ በዲፈረንሻሉ ሲባዛ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,000 ዙር ትንሽ ከፍ እንደሚል ይነግረናል። በሁለተኛ ማርሽ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ስወጣ ደግሞ 3,000 አካባቢ ይሆናል። ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ ያገኘሁት ነገር ይህ ነው፤ የመኪናዋ ኑሮ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያልፈው በ2,000 እና በ3,500 መካከል ነው። ከ5,000 በላይ መቼ እንዳዞርኳት አላስታውስም፤ ብታዞራትም ቤተሰቡ ከውስጥ ይጮህብሃል።

የምሄድባቸውን መንገዶች ደግሞ አሰብኩ። በከተማው ውስጥ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋሁ ከመርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጂረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣው ዳገት፤ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አጋሮ። ረጅሙና መኪና የሚፈተንበት መንገድ የአዲስ አበባው ነው። ከሶኮሩ ወዲያ ወደ ጊቤ ቆላ እየተጠማዘዙ ይወርዱና ድልድዩን ተሻግረው እስከ ወልቂጤ ያለውን አቀበት መግፋት ይጀምራሉ። እዚያ አቀበት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ተይዤ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ መካከል የትኛውም ሳይመቸኝ፣ ሦስተኛ ሳስገባ ሞተሩ ሲንገላታ፣ ሁለተኛ ስመልስ ሲጮህ የወጣሁበትን ጊዜ ሳስብ መልሱ ራሱ መጣ። እኔ ጉልበት የሚያስፈልገኝ ሦስተኛ ማርሽ አልችልም በሚልባት በዚያች ክልል ነው። ታች።

ከፍታውም ሌላ ነገር ነው። ጂማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንስበታል። የእኔ ሞተር በፋብሪካው ወረቀት ላይም ከ80 የፈረስ ጉልበት በታች ናት። ሄደር ብቻውን እንዲህ ባለ ያልተነካ ትንሽ ሞተር ላይ የሚጨምረው ጥቂት ፈረስ ነው፤ ከፍታው የወሰደውን እንኳ አይመልስም። ይህንን አውቆ የሚገዛ ሰው አይከፋም። በኢንተርኔት ላይ ያየውን የውድድር መኪና እያሰበ የሚገዛ ግን ገንዘቡንም መካኒኩንም ሲያማ ይኖራል።

ጋራዡ ተመልሼ «ታች ነው ጋሼ፤ ሁለተኛው ሥዕል» ስላቸው ለምን ብለው ጠየቁኝ። ስሌቱን አሳየኋቸው። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው ካነበቡት በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ያለውን አንድ ቁጥር አርመውልኝ መለሱልኝ፤ ሌላ አስተያየት አልሰጡም።

ገበያው

ግዢው አጭር ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ዞሮ ፈለገልኝ፤ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ጂማ መናኸሪያ ደረሰ። ከመግዛቱ በፊት መካኒኩ በስልክ የነገሩት መመሪያ ግን መጻፍ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ለየትኛው የመሪ አቀማመጥ እንደተሠራ ጠይቅ አሉት። ለዲኤክስ የሚሠሩ ብዙ ሄደሮች መሪያቸው በቀኝ ለሆነ አገሮች የተዘጋጁ ናቸው፤ የእኛ መኪኖች መሪያቸው በግራ ስለሆነ ቱቦው የመሪውን ዘንግ ሊነካ ይችላል። ቀጥሎ ከቴስታታው ጋር የሚገጥመውን የወፍራም ብረት ፊት በቀጥ ያለ ማስመሪያ ፈትሽ፤ በብየዳ ሙቀት የተጣመመ ፊት ምንም ዓይነት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቢደረግለት ይተነፍሳል። የዚህ ፊት ውፍረትም ከቤንዚን ማስገቢያው ማኒፎልድ ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት። በ4ኬ ሞተር ማስገቢያውም ማስወጫውም በአንድ ጎን ስለሆኑ ሁለቱን በጋራ የሚይዙ ሮንዴላና ዳዶዎች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ከቀጠነ ቀጭኑ አይጠብቅም። በውስጥ በኩል ደግሞ ጣትህን አስገብተህ ብየዳው ወደ ቱቦው ፈሶ እንደሆነ ዳስስ።

ሻጩ ዕቃው የማይዝግ ብረት መሆኑን ለማሳየት ማግኔት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ማግኔቱ አልያዘም፣ ዘመዴም ተደሰተ። ይህ ፈተና ግን ግማሽ ፈተና ነው። ለጭስ ማውጫ ከሚውሉት የማይዝጉ ብረቶች መካከል ማግኔት የሚይዛቸው ደህና ብረቶች አሉ፤ ስለዚህ ማግኔት ስለያዘ ብቻ ዕቃው መናኛ ነው አይባልም። ለእኛ አገር አየር የማይዝገው ይመረጣል። ጂማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ክረምቱን በጭቃና በኩሬ ውስጥ የምትውል መኪና ተራ ብረት ቱቦ ከሥር ይበላባታል።

ጊዛው የተወው ቦታ

ለመግጠም ከመፍታት ይጀመራል፤ ሥራው ያለውም መፍታቱ ላይ ነው። በእሳት ብዛት የተጣበቁት ዳዶዎች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እየተረጨባቸው አደሩ። መካኒኩ አንዱንም በጉልበት አልፈቱም። ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ትንሽ ወደ መፍቻው እያወዛወዙ፣ እምቢ ያለውን በእሳት ዳዶውን ብቻ እያጋሉ አወጡት። አንደኛው ስታድ (ዳዶው የሚታሰርበት ባለ ጥርስ ዘንግ) ግን ቴስታታው አፍ ላይ ተቆረጠ። ረዳታቸው መሰርሰሪያ ሊያመጣ ሲነሣ ከለከሉትና በቀረው ጉማጅ ላይ ዳዶ አስቀምጠው በውስጡ በየዱት፤ የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ስለሰበረው በመፍቻ ዞሮ ወጣ። በመሰርሰሪያ ቢጀመር ኖሮ መሐሉን መሳት፣ ከዚያም ቴስታታውን አውርዶ ቶርኖ ቤት መውሰድ ሊመጣ ይችል ነበር።

ጊዛው ወጥቶ መሬት ላይ ሲቀመጥ መካኒኩ ጠሩኝና የላይኛውን ገጽ አሳዩኝ። ካርቡራተሩን የተሸከመው ማስገቢያ ማኒፎልድ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከሥሩ የሚያልፈው የጋለ ጭስ ከላዩ ያለውን የማስገቢያ ማኒፎልድ ወለል ያሞቀዋል፤ ከካርቡራተሩ በጠብታ የሚወርደው ቤንዚን በዚያ ሙቀት ተንኖ ከአየሩ ጋር ይዋሐዳል። ቀጫጭኖቹ የሄደር ቱቦዎች ግን ማስገቢያውን ሳይነኩት ራቅ ብለው ይወርዳሉ። «ይህን ሙቀት አሁን ልንወስድባት ነው» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ታኮርፋለች። በብርድ ቤንዚን የሚያበዛላትን ቾክ ረዘም አድርገህ ትይዝላታለህ። ችግር የለም ካልክ እንቀጥል።»

በኢንተርኔት ካነበብኳቸው ሄደር አወዳሽ ጽሑፎች አንዱም ይህንን አላነሣም። ጊዛውን ከባድ፣ ያረጀ፣ ፋብሪካው በርካሽ የሠራው ዕቃ አድርጌ ነበር የማየው። ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ጭሱን ማጋፋቱም እውነት ነው። ግን የሠሩት መሐንዲሶች አራት ቀዳዳ ወደ አንድ ከማምጣት ሌላ ሥራም ሰጥተውታል፤ ቤንዚን እንዲተን ማሞቅ። የጠየቁኝ ጥያቄ ሁለተኛ ፊት እንዳለው ያኔ ገባኝ። ጉልበቱን የት ትፈልገዋለህ ማለት ከየት እንዲቀነስ ትፈቅዳለህ ማለትም ነው። እኔ ከጠዋቱ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ላይ እንዲቀነስ ፈቀድኩ፤ የጂማ ብርድ የሚቻል ብርድ ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ያለ ባለ ዲኤክስ፣ ሌላ መልስ ቢሰጥ አይፈረድበትም።

«እንቀጥል ጋሼ» አልኳቸው።

መግጠሙ ከመፍታቱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። የቴስታታው ፊት አሮጌው ጓርኒሲዮን እስኪጠፋ ድረስ ተፋቀ፤ አዲሱ ገባ፤ አዳዲስ ስታዶች ሙቀት የሚችል ቅባት ተቀብተው ታሰሩ። ዳዶዎቹ የተጠበቁት ከመሐል ተጀምሮ ወደ ዳርና ዳር እየተኬደ፣ በአንዴ ሳይሆን በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ነው፤ ከዳር የተጀመረ እንደሆነ ብረቱ መሐሉ ላይ ይጎብጣል። ቱቦዎቹን ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ ልጠቅልላቸው ብዬ ነበር፤ እሳቸው አልተቀበሉኝም። ጨርቁ የክረምቱን ውሃ ይዞ ስለሚያቆይ ብረቱን ከሥር ያበሰብሰዋል፤ ብናየውም አናውቀውም አሉ። በጨርቁ ፈንታ የቤንዚኑን ጎማ ከቱቦው አርቀው በሌላ በኩል አዞሩት።

መጀመሪያ ስትነሣ ጢስ በጢስ ሆነች፤ በቱቦው ላይ የነበረው የፋብሪካ ዘይት ሲቃጠል ነው። መካኒኩ የኋላውን የማርሚታ ጫፍ ለአፍታ በወፍራም ጨርቅ ሲይዙት እኔ ፊት ለፊት ሆኜ በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀባሁ፤ አረፋ የሠራ ቦታ አልነበረም። ከጋለች በኋላ ቀዝቅዛ እስክትጨርስ ጠብቀን ዳዶዎቹ እንደገና ተጠበቁ። ከሙቀት በኋላ ጓርኒሲዮኑ ስለሚሳሳ ሁሉም ጥቂት ዞሩ። ማርሚታዋን አልነካናትም፤ ድምፅዋ ከበፊቱ ትንሽ ቀጠነ እንጂ ጎረቤት የሚያስወጣ አልሆነም።

ካንዴላው የተናገረው

ጊቤን ከወጣሁ በኋላ ልናገር የምችለው የተወሰነ ነው፤ ያለኝ መለኪያ ያው ዳገት ነው። ቀድሞ ሦስተኛ ማርሽ የምትተውበት ኩርባ ላይ አሁን ሦስተኛን ይዛ ታልፋለች። ከዚያ በላይ ያለው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ግን እንደ ድሮው ሁለተኛ ይገባል። ሜዳ ላይ ልዩነቱን አላየሁም ብል እውነት ነው። ስንጥቅ ያለበት ማኒፎልድ ከነበራት መኪና ጋር ስለማወዳድርም ከተሻሻለው ውስጥ ምን ያህሉ የሄደሩ፣ ምን ያህሉ የስንጥቁ መወገድ እንደሆነ መለየት አይቻለኝም።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ከአዲስ አበባ መልስ ካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን የሚለኩሱት) ሲወጡ ያየሁት ነው። ቀድሞ ጫፋቸው ጥቁር ጥላሸት ይይዝ ነበር። ካርቡራተር የሚለካው ቤንዚን ብዙ አየር ላለበት ቆላ ስለሆነ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ሲመጣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ አብዛኞቹ የደጋ ባለ ካርቡራተሮች ጥቁር ካንዴላ የሚኖራቸው በዚህ ነው። አሁን ግን ጫፋቸው ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሄደሩ ሲሊንደሩን በተሻለ ስላጸዳው ብዙ አየር ይገባል፤ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስላልጨመረ ቅልቅሉ ይስተካከላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ሄደር ሲያስገባ ቅልቅሉ እንዳይሳሳበት የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በሰፊ ይቀይራል። እኛ ጋ ከፍታው ያበዛውን ሄደሩ አቃለለው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማንም አስቦ አያቅደውም፤ መካኒኩ ራሳቸው ካንዴላውን እያገላበጡ ሲያዩ ፈገግ አሉ።

የጠዋቱ ኩርፊያ እንደተባለው መጥቷል። ለእሱ ከቀጭን ላሜራ አንድ ሽፋን ሠርተው በሁለቱ መሐለኛ ቱቦዎች ዙሪያ አሰሩልኝ፤ ከሽፋኑ የተነሣ ጎማ ሞቃቱን አየር ወደ አየር ማጣሪያው አፍ ይወስዳል። ማስገቢያውን ከሥር እንደማሞቅ ባይሆንም ቾኩን ቀድሞ ለመመለስ ያስችላል። ወደ ጊቤ ስወርድ ጎማውን ነቅዬ እሄዳለሁ፤ ቆላ ላይ የሞቀ አየር ጉልበት ይቀንሳል። መሐለኞቹን ሁለት ዳዶዎች ዘይት በተቀየረ ቁጥር አጥብቅ ብለውኛል። የሚኒሞው (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚፈልገው) ቤንዚን ትንሽ መስተካከል ይፈልጋል፤ እሱን ግን ክረምቱ ገብቶ የጠዋቱ ብርድ ሳይታይ አንነካውም ተባብለናል።